የግብረ ገብ መምህሩና የፋሲካው ሩጫ

ረቡዕ፣ ማርች 5፣ የአመድ ቀን

አባ ፋውስቶ ግንባሬ ላይ አመድ ሲቀቡኝ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ከቅዳሴ በኋላ እንዳልሄድ ነገሩኝ። መሸሽ የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር።

እማሆይ ኤርሜሊንዳ ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። እስከ ፋሲካ ከአልጋ አይወርዱም። በየማክሰኞው ለልጃገረዶቹ ግብረ ገብ የሚያስተምር ሰው ጠፋ። ዲፕሎማ ያላቸው ሁሉ ጊዜ የለንም አሉ። ስለዚህ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ፤ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቶ ዕድሜውን ሙሉ የከተማችንን የፒየትራኔራን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረው ብራሲ ላይ።

"አባ፣ እኔ ሚስት እንኳ ያላገባሁ ሰው ነኝ። ስለ ሴት ልጅ ጠባይ ምን አውቃለሁ?" አልኳቸው።

መጽሐፍ ታነባለህ፣ ልጆቹም ይስቁልሃል አሉኝ። ደግሞም የእህቴ ልጅ ሚማ እዚያ ስለሆነች አንድ ዓይኔን እሷ ላይ እንዳደርግ።

ይቺ የመጨረሻዋ አልጣመችኝም። ሚማ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ምን አድርጋ ነው ጠባቂ ዓይን የሚያስፈልጋት? ስጠይቃቸው መቅረዝ መወልወል ጀመሩ።

እማሆይ የትምህርቱን ተራ በሰው ልከውልኛል፦ እውነት፣ መታዘዝ፣ ቁጥብነት፣ ትዕግሥት። ከአራቱ በአንዱም ስሜ ተነሥቶ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ተወጣሁት ማለት ይቻላል። ስምንት ልጆች ናቸው። ስብከት ከምሰብክ ብዬ ጨዋታ አመጣሁ፤ እያንዳንዷ ስለ ራሷ ሁለት እውነትና አንድ ውሸት ትናገራለች፣ ሌሎቹ ውሸቱን ያወጣሉ። እንዴት አድርገው ይዋሻሉ! ሚማ በሕፃንነቷ ከበቅሎ ወድቃ እንደነበር ስትናገር አጎቷ እኔ ራሴ አመንኳት። በቤታችን በቅሎ ኖሮ አያውቅም።

ሴራፊና ግን አልጫወትም አለች። የኮሲሞ ልጅ ናት፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ባለቤት የኮሲሞ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አጭርና ጠንካራ፣ በትምህርቷ ከሁሉ የምትበልጥ። በጨዋታው ፈንታ ጥያቄ አለኝ አለችና "ሌላ ሰው በእኔ ስም የገባው ቃል እኔን ያስረኛል?" ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም በስምሽ ቃል የገባው ማን ነው፣ ሥጋ ሻጩ ነው እንዴ አልኳት። ጥሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስምንቱም አልሳቁም። እርስ በርስ ተያዩና ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። ጆሮዬ ቆመ። እነዚህ ልጆች የሆነ ነገር አላቸው።

ሌላም ነገር አለ። የሴራፊና እናት ኑንዚያ ልጇን ልትወስድ ከሰዓቱ ቀድማ መጥታ በሩ አጠገብ ሹራብ ስትሠራ ቆየች። ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣትም፤ መርፌዎቿ ግን እኔ ስናገር ይቆማሉ። ባሏ የምናገረውን እንድታደርስለት ልኳት መሆን አለበት።

ዛሬ ሌላ ሐሳብም መጣልኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለዓርብ አቆየዋለሁ።

ዓርብ፣ ማርች 14

ሐሳቤ ይህ ነው፦ ዘንድሮ በፋሲካው ሩጫ የእመቤታችንን ሐውልት ልጃገረዶቹ ይሸከሙ።

በዓሉን ለሚያዘጋጀው ማኅበር ሽማግሌዎች ድምፄን ከፍ አድርጌ አስረዳሁ። በፋሲካ ቀን ቀትር ላይ የቅዱስ ዮሐንስ ሐውልት በሰው ትከሻ ሆኖ የጌታን መነሣት ለእናቱ ሊነግር አደባባዩን እየሮጠ ሲያቋርጥ ወጣት ጉልበት ይፈልጋል፤ እሱን አገኘን። እመቤታችን ግን ሁለት ጊዜ ሳታምነው ቆማ፣ በሦስተኛው አምና ልትቀበለው ስትወጣ፣ ጥቁሩ የሐዘን ካባዋ ተስቦ ሲወድቅ፣ ከሥሯ ያሉት ሰባ የሞላቸው ናቸው። አምና በመንቀጥቀጣቸው ካባው ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ዓመቱን ሙሉ በወይራችን ላይ የደረሰውን ሁላችንም አይተናል። የሚሸከሙት ወንዶች ግማሾቹ ሚላኖ፣ ግማሾቹ መቃብር ናቸው። ስምንት ጤነኛ ልጆች ቁጭ ብለው ከእኔ ስለ እውነት ከሚሰሙ አንድ ነገር ይሸከሙ።

ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ያኔ ኮሲሞ ከኋላ ተነሥቶ ብራሲ ልክ ነው አለ። ልጄ ሴራፊና ፊት ለፊት በቀኝ በኩል ትሁን አለ። አለቀ። ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጆቹ ለጨዋነት ሲባል ካባው እስኪወድቅ እንደ እመቤታችን ፊታቸውን በጥቁር ይሸፍኑ።

አሸነፍኩ። ታዲያ ለምንድን ነው የከፋኝ? ኮሲሞ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ደግፎኝ አያውቅም። ሰዓት ስንት ነው ብሎኝ ስነግረው እንኳ ሌላ ሰው የሚጠይቅ ሰው ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ወሬውን ነገርኳቸው። እልልታ ነበር የጠበቅኩት።  ሴራፊና ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ሚማ ተከትላት ሄደች፣ ስታልፍ እንደ እንግዳ ሰው አየችኝ።

ትምህርቱ ስለ መታዘዝ ነበር። ሰማይ ላይ ይሁን መሬት ላይ የት እንደነበርኩ አላውቅም። ስወጣ ከመታጠቢያው በኩል አንዷ "እሱም ከእነሱ ጋር ነው" ስትል ሰማሁ። "እነሱ" ማን እንደሆኑ አልገባኝም። "እሱ" ማን እንደሆነ ግን ገባኝ።

ኑንዚያ በሩ አጠገብ። ሹራብ። ያ ሹራብ አያልቅም እንዴ?

ዓርብ፣ ማርች 21

ቡና ቤት ሩጄሮ የጠጣሁትን ከፈለልኝ። ጋሼ ብሎ ጠራኝ፣ ወንበር ሳበልኝ። ከተማችን ከፍርሃት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠራው ቤት ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ጫማው ሁልጊዜ አዲስ። እኔ ዘንድሮ የዮሐንስን ፊት ቀኝ ነው የምይዘው አለኝ። ጎበዝ፣ እግርህ ያውጣህ አልኩት።

እሱ ከወጣ በኋላ ባለ ቡና ቤቱ ብርጭቆ እያደረቀ ሳቀብኝ። "ሁለቱን ቤቶች የዮሐንስ አበልጅ አደረግካቸው። ብራሲ ደላላ መሆኑን ሳናውቅ ኖርን" አለኝ።

ቀልድ ነው አልኩ። ወደ ቤት መጣሁ።

ያው ዓርብ፣ ማታ

ቀልድ አይደለም።

የዮሐንስን መሸከሚያ እንጨት ፊት ቀኝ የያዘና የእመቤታችንን መሸከሚያ እንጨት ፊት ቀኝ የያዘ፣ ሦስት ጊዜ ተገናኝተው ካባው በፊታቸው ሲወድቅ ቤቶቻቸው አበልጅ ይሆናሉ። እዚህ የተወለደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ድሮ የተጋደሉ ቤቶች ደም የሚያደርቁት በዚህ ነበር። ፍርድ ቤት ያሰረው ይፈታል፣ ዮሐንስ ያሰረው ግን አይፈታም። የጣሰውን ሰው ዳቦ ጋጋሪም ዳቦ አይሸጥለትም። ሁልጊዜ ግን ወንድ ከወንድ ጋር ነበር። ስለዚህ ወንድና ልጃገረድ ቢቆሙ ምን ማለት እንደሚሆን ያሰበ አልነበረም።

ኮሲሞ አስቧል። እኔ ስለ ካባና ስለ ጉልበት ስለፈልፍ እሱ ከኋላ ተቀምጦ አሰበ። ልጁን ለሩጄሮ ሊድራት ለቤቱ ቃል ከገባ ቆይቷል፤ የጎደለው ልጅቷ ቢቆርጧት እንኳ ወደ ኋላ የማትልበት አንድ ነገር ነበር። እሱን እኔ አመጣሁለት። ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አላውቅም ነበር። ደግሞስ ማን ነገረኝ? ስምንት ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ አንዷ እንኳ...

አንዷ ጠይቃኝ ነበር። ስለ ሥጋ ሻጩ መለስኩላት።

እሑድ፣ ማርች 23

እማሆይን ልጠይቅ ሄድኩ። ልጃገረዶቹን ለሃያ ዓመት ከእንጨቱ ያራቅኩት ደካማ መስለውኝ ይመስልሃል ወይ አሉኝ። ወገባቸውን ይዘው ስለሳቁ ሳቃቸው ወደ ማቃሰት ተለወጠ።

ሴራፊናን ከፊት ላነሣት ነው አልኳቸው። እንዳትሞክረው አሉ። ካነሣኋት ኮሲሞ ልጅቷ እንደተናገረች ያውቃል፣ ከዚያ ከቤት አያስወጣትም። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤት የምትወጣው ለዚህ ትምህርት ብቻ ነው፤ እሱንም አታሳጣት አሉኝ።

ከዚያ ዞረው ግድግዳውን አዩ። የሚያውቁትን ሁሉ አልነገሩኝም። ሰው ሁሉ በዚህ ከተማ ከእኔ የሚደብቀው ነገር አለው፤ እኔ ብቻ ነኝ የማስበውን የማወራ።

አባ ፋውስቶም ጋ ሄድኩ። ቤተሰቡ ተስማምቷል አሉኝ። ልጅቷስ አልኳቸው። ልጅቷ ምንም አላለችም አሉ፣ ይህንን እንደ መልካም ዜና። የቤተ ክርስቲያኑ አዲሱ ጣሪያ በኮሲሞ ሲሚንቶ እንደተሠራ ሁለታችንም አላነሣነውም። ሁለታችንም ግን ቀና ብለን አየነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

ቁጥብነት። ማንም አልሰማኝም።

ከትምህርቱ በኋላ ሴራፊናን ብቻዋን አናገርኳት። በልምዴ በቀልድ ጀመርኩ፣ ዮሐንስ ቆንጆ ነው ግን ሲሮጥ ጫማው ይቆሽሻል ምናምን። ጠብቃ አስጨረሰችኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሲቀልዱ ከተማው ሁሉ ይሰማል። የነገርኩዎትን ነገ በቀልድ መልክ ቡና ቤት ብሰማውስ?"

አትሰሚውም አልኳት። ነርስነት መማር እንደምትፈልጊ አውቃለሁ አልኳት፣ ሚማ ድሮ ነግራኝ ነበር። ጥሩ፣ እሱን ያውቁታል አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

ስለ እኔ ያለችው ሐሰት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያበሳጨኝም ነበር።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

አፌ። አፌ። አፌ።

ልምምድ ነበር። ባዶው እንጨት ላይ ጆንያ አሸዋ ጭነን አደባባዩን ዞርን። ሴራፊና አልነበረችም፣ ሚማ አሟታል አለች። ሌሎቹ ከማእዘን ማእዘን ሹክ ይባባላሉ። ተጠራጠርኩ፣ ልጅቷ የት ሄዳ ይሆን እያልኩ ዓይኔ ሲቅበዘበዝ ኮሲሞ በመኪና መጣ። ልምምዱ እንዴት ነው አለኝ። እኔም ከልምዴ፣ የአንተ ልጅ ባትቀር ኖሮ ጥሩ ነበር፣ ገና ሳትሸከም ታመመች እንዴ አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ከቤት ለልምምድ ብላ ነበር የወጣችው።

ኑንዚያ መኪናው ውስጥ ነበረች። ኮሲሞ ስልክ ሊደውል ፈቀቅ ሲል መስኮቱን አውርዳ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ጋሽ ብራሲ፣ የበዓሉ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ የልብስ መልበሻ ክፍል የኋላ በር ይቆለፋል?"

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው አልኳት። ራሷን ነቅንቃ መስኮቱን ዘጋች። ባልና ሚስት ልጅቷን ከፊትም ከኋላም ሊቆልፉባት ነው። እንዲህ ያለች እናት አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ሴራፊናን አሁን አባቷ ያመጣታል፣ አባቷ ይወስዳታል። ቅዳሜ ከአሮጌው የወይራ መጭመቂያ ጀርባ ቁጭ ብላ ስልክ ስታወራ ነው ያገኟት። ስልኩን ወሰዱባት።

ሚማ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዛሬ በወጉ አናገረችኝ። ባታናግረኝ ይሻል ነበር። "አጎቴ፣ አንተ ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ እንጠነቀቅህ ነበር። ደግ ስለሆንክ ነው የጎዳኸን" አለችኝ።

ስለ ትዕግሥት ላስተምር ነበር የመጣሁት። መስኮት እንዲከፍቱ አዝዤ የቀረውን ሰዓት ዝም ብለን ተቀመጥን። ከሁሉ የተሻለው ትምህርቴ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13፣ ሆሳዕና

ሩጄሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሰው ሁሉ እያየ ለሴራፊና ከዘንባባ የተጎነጎነ አሻንጉሊት ሰጣት፤ ወገቧን የሚያክል፣ አበባ የተሰካበት። ለእጮኛ የሚሰጥ ነው። እሷም ገና ያልተጨመቀ የታጠበ ልብስ እንደያዘች ሁሉ ከቀሚሷ አርቃ ያዘችው። ሐሙስ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሲላት፣ እናቷ ከኋላዋ ቆማ ለሁሉም በእሷ ፈንታ አመሰግናለሁ ትላለች።

ያቺ ሴትዮ አሁንም ዓይኗ በእኔ ላይ ነው። እኔም በእሷ ላይ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18፣ ስቅለት

ዝናብ። እመቤታችንን ጥቁር ካባዋን አለበስናት። ካባውን ስቦ የሚያወርደውን ክር ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ። ኮሲሞ የተነሣውን ጌታ ከሚሸከሙት ጋር በአደባባዩ ማዶ ይሆናል፤ ዛሬ ቦታውን ለካ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

ሚማ መጣች። ተቀመጥን። ቁልፉን ሰጠኋት።

የቀረውን እዚህ አልጽፍም። ይህን ደብተር ማን እንደሚያነበው አላውቅም፤ መጠርጠርን ከዘንድሮ ጾም ተምሬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቁመቴን ለካችኝ። ከሴራፊና በሁለት ጣት እበልጣለሁ፣ ጎንበስ ካልኩ እኩል ነን። ሆድህን ግን ወደ ውስጥ ሳብ አለችኝ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ትከሻዬ አብጧል። በግራ እጄ ነው የምጽፈው ብል ውሸት ነው፤ በቀኜ ነው፣ ግን ያማል።

ኮሲሞ ልጁን እስከ ልብስ መልበሻው በር ድረስ አድርሷት ወደ ማዶ ሄደ። ልጆቹ ሲገቡ ስምንት ነበሩ፣ ሲወጡም ስምንት። ነጭ ረጅም ቀሚስ እስከ ጫማ፣ ጥቁር መሸፈኛ እስከ ደረት። ቀሚሴ የእሳት ራት ማባረሪያ ይሸታል። ፊት ቀኙን ያዝኩ። ከኋላዬ ሚማ ነበረች፣ ስትተነፍስ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

ቀትር ላይ ደወሉ ተደወለ። በዓመት ውስጥ በፒየትራኔራ መስኮት ላይ ሰው የማይቆምበት፣ መንገድ ላይም ሰው የማይታይበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ሁሉም አደባባይ ነው።

ዮሐንስ ሮጦ መጣ። ቆመ። ሩጄሮ ትንፋሹ በመሸፈኛዬ በኩል እስኪገባ ቀረበኝ። ሴራፊና መስዬው በሹክሹክታ፣ ከነገ ጀምሮ የምትይዢው ስልክ እኔ ያየሁት ብቻ ነው አለኝ። ዮሐንስ ተመለሰ። ሁለተኛ መጣ። "ሰምተሻል?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። 

ሦስተኛው ላይ እኛም ወጣን። አደባባዩ ይጮኻል። ክሩ ተሳበ፣ ካባው ሳይነካካ፣ ሳይንጠለጠል፣ እንደ ውሃ ወረደ። ሰማያዊው ቀሚስ ታየ። እርግቦቹ ተለቀቁ። ልጆቹ መሸፈኛቸውን ወረወሩ። እኔም ወረወርኩ።

ሩጄሮ ሪዜን አየ። መጀመሪያ ያየውን አላመነም፣ ጎኔንም ኋላዬንም ተመለከተ።

"ስልኬ አሮጌ ነው" አልኩት፣ "ካማረህ ግን ውሰደው።"

  ከዚያ አደባባዩን ከሚያየው ሰገነት ላይ አንድ ሳቅ ወጣ። የሩጄሮ አያት ናቸው፣ ዶና ካቴና፣ የቤቱ ሁሉ አለቃ። ልጄ፣ ሪዛም ሙሽራ አመጣህልኝ አሉ፤ ቀጥሎ አደባባዩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሩጄሮ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ሲራመድ አሮጊቷ ድምፃቸው ተለወጠ። "ተው። ካባው በፊታችሁ ወድቋል። አበልጅህ ነው" አሉት። ቆመ። እንጨቱን ሲይዝ ጣቶቹ ነጭ ሆነው ነበር።

ኮሲሞ አልሳቀም። እንጨቱን ለሌሎች ጥሎ ሕዝቡን እየገፋ ወደ ልብስ መልበሻው ሲሮጥ አየሁት። እዚያ የጠበቀው ክፍት በር ብቻ ነው።

አባ ፋውስቶ ግብረ ገቡን እንድተው ነገሩኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳቸው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 21

የፋሲካ ማግስት ስለሆነ ከተማው ምግቡን ይዞ ወደ ገጠር ወጥቷል። እኔን የጠራኝ የለም። ጠዋት የሎሚ ዛፎቼን ላጠጣ ስሄድ ሁለቱ ከግንዳቸው ተቆርጠው አገኘሁ። ንፋስ ይሆናል። መጋዝ የያዘ ንፋስ።

ከቀትር በኋላ ኮሲሞ መጣ። ከበሩ ሳይገባ የት ናት አለኝ። አላውቅም አልኩት። እስከ ትናንት ድረስ እውነትን ስታስተምር የነበርክ ሰው ነህ አለኝ። ከትናንት ጀምሮ ተባርሬያለሁ አልኩት።

ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የደጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙ ከትናንቱ ነው።

"ትመለሳለች?"

"የት ናት ብለህ ብቻ የምትጠይቅ ከሆነ አይመስለኝም" አልኩት። ሌላ ምን መጠየቅ እንዳለበት አልገባውም፣ ወይም ገብቶት ሊጠይቅ አልቻለም። ሲነሣ ሚስቱ ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል እንዳልተናገረች ነገረኝ። ድሮስ መቼ ተናግራ ታውቃለች ብዬ አሰብኩ። ምናልባት እንደ ባሏ ተናድዳ ይሆናል። ይህን የሎሚ ዛፍ ጉዳይም እሷ ታውቅ ይሆናል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሴራፊና እስካሁን ደረስኩ አላለችም። ስልክ የላትም። ሚማ ትቀበላታለች ያለችኝ አክስቷ ስልኳ አይነሣም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

የምናስተምርበት አዳራሽ ተቆልፏል። ከቀትር በኋላ ሰባቱም ልጆች ወደ ሬዲዮ መጠገኛዬ መጡ። የዛሬው ትምህርት ምንድን ነው አሉኝ። ትምህርት የለም፣ ቁጭ በሉ አልኳቸው። በተበታተኑት ሬዲዮዎች መካከል ተቀመጡ። ማንም ወሬ አልነበረውም። ሚማ ጥፍሯን ትበላለች። አንዷ፣ ባቡር ስትቀይር ተሳስታ ይሆናል አለች፣ ሌሎቹ ዝም በይ አሏት።

በሩ ተንኳኳ። ኑንዚያ ናት። ብቻዋን፣ ሹራቧን እንደያዘች።

ልጆቹ ደነገጡ። ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። የምታውቁትን ንገሩኝ ልትል፣ ከዚያም ሄዳ ለባሏ ልትነግር ነው የመጣችው ብዬ ምን እንደምመልስ አዘጋጀሁ። ልጅሽን አላየሁም ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"መነጽሯን ኩሽና ውስጥ ረስታዋለች" አለች። "የባቡሩን ሰሌዳ እንዴት ታነበዋለች እያልኩ ዕንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት ስልክ እህቴን አገኘኋት። ሰው ጠይቃ ነው የተሳፈረችው። ደርሳለች፣ ተኝታለች።"

ልጆቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ስለ ባቡሩ ለዚህች ሴት ማን ነገራት እያልኩ ቆሜ ነበር። እኔ አልነገርኩም። ልጆቹ አልነገሩም። የኋላውን በር ማን ጠየቀኝ? በወይራ መጭመቂያው ጀርባ ልጅቷ ከማን እህት ጋር ነበር የምታወራው? ቀስ እያለ ገባኝ። ሁልጊዜ ሲገባኝ ቀስ ብሎ ነው።

ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት።

"እማሆይ ሳይወድቁ በፊት ጀምሮ። ከእሳቸው ጋር ነበር የምንመክረው።" ሹራቡን አንዴ ዓይኗ ሥር አስጠጋችው። "ከዚያ እርስዎ መጡ። በየማክሰኞው በሩ ላይ የተቀመጥኩት ምን እንደሚያወሩ ለመስማት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ብራሲ፣ ለባሌ የሚያደርሱ መስሎኝ ነበር።"

እኔም ያው አልኳት። አልገባትም፣ ወይም ገብቷት ፈገግ አለች። ፈገግ ስትል ሴራፊናን ትመስላለች፤ ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር።

መነጽሩን ከሹራቡ ውስጥ አወጣች። እኔ ፖስታ ቤት ብሄድ የባሌ ዘመድ ነው የሚቀበለኝ አለች። ነገ ከዚህ ከተማ ወጥቼ ከሌላ ቦታ እልከዋለሁ አልኳት። የሬዲዮ አምፖል የነበረበት ትንሽ ሳጥን አገኘሁ፣ ልጆቹ በጥጥ ሞሉት፣ ሚማ መነጽሩን ጠቀለለችው። አድራሻውን ኑንዚያ ስትነግረኝ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ።

የላኪ ስም ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የእኔን ብጽፈው ሳጥኑ በሰላም ላያልፍ ይችላል፣ ባዶውን ብተወው ይሻላል፣ ወይም አንድ የውሸት ስም እንፈልግ አልኳት።

ሰባቱም ልጆች አዩዋት። ሹራቧን አጣጥፋ ብብቷ ሥር አደረገች።

"የእኔን ይጻፉ" አለች።

ጻፍኩ።